ትራንስዱሰሩን ከካያኬ ሆድ ውስጥ ለጥፌ ሐይቅ ላይ ከረምኩ

ዕቃው ጋርሚን ስትራይከር 4 ነው፤ ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ ነጥሮ ከሚመለሰው ጥልቀቱንና ዓሣውን በስክሪን የሚያሳይ ማሽን። ስክሪኑ 3.5 ኢንች፣ ትራንስዱሰሩ፣ ማለትም ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ በ77 እና በ200 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራ። ስለ ስክሪኑ ብዙ የምለው የለኝም፤ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ዓሣ ያየሁበትን ቦታ በጂፒኤስ ምልክት አድርጌ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፣ አበቃ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሐይቅ በሚባለው ውሃ ላይ በካያክ፣ በመቅዘፊያ በሚነዳ ትንሽ የፕላስቲክ ጀልባ፣ ለሚያጠምድ ሰው ራስ የሚያዞረው ትራንስዱሰሩን የት ልግጠመው የሚለው ነው። እኔ መስከረም ላይ ከካያኩ ሆድ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ለጠፍኩት። ይኸው ግንቦት ገባ፣ እዚያው ነው።

ብዙ ሰው የሚመርጠው በጎን በኩል ወደ ውሃው የሚወርድ ክንድ ነው። ምስሉ ጥርት ይላል፤ በትራንስዱሰሩና በውሃው መካከል የሚገባ ነገር የለማ። ግን የሐይቅን ዳርቻ የሚያውቅ ሰው ክንዱን ያስበው፦ መጀመሪያ ቄጤማና የውሃ ሣር፣ አለፍ ሲል ደግሞ የአጥማጆች መረብ። ሣሩን በእጅ ይነቅሉታል፤ የሰው መረብ ጠልፎ መቅደድ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። መኪና ላይ ሲጫንና ሲወርድም ውጭ የተንጠለጠለ ነገር አይበረክትም።

ከውስጥ ሲለጠፍ ድምፁ በፕላስቲኩ አልፎ ይወርዳል፣ ነጥሮም በዚያው ይመለሳል። ካያኮች የሚሠሩበት ፖሊኤትሊን ለዚህ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አየር ነው። በትራንስዱሰሩና በወለሉ መካከል ስስ የአየር ሽፋን ካለ ድምፁ ከሞላ ጎደል እዚያው ነጥሮ ይቀራል፣ ስክሪኑም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ወለሉ ድርብ ከሆነ ወይም ውስጡ ፎም ከተሞላ በዚያ ቦታ ይህን ዘዴ እርሱት።

ከመለጠፌ በፊት ውሃ በሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ትራንስዱሰሩን ከትቼ ወለሉ ላይ እያዘዋወርኩ ሞከርኩ። የግንበኛ ቱንቢ በገመድ አወርድና ከስክሪኑ ቁጥር ጋር አስተያየዋለሁ። የተስማሙበት ቦታ ከመቀመጫው ትንሽ ኋላ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነበት ነው። ይህን ሙከራ ሳያደርጉ ሲሊኮን መክፈት ቁማር ነው።

ሲሊኮኑ ከደሴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የተገዛ፣ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ተራው ነው። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ በሚወስደው እርጥበት ስለሆነ ከጠርዝ ወደ መሃል ነው የሚጠነክረው። ወፍራም ከሆነ መሃሉ ለሳምንታት ሊጥ ሆኖ ይቆያል፤ በደሴ ብርድ ደግሞ ይብሳል። መጠኑን ቀነስ አድርጎ፣ ትራንስዱሰሩን ከአንድ ጎን አስይዞ ቀስ እያሉ ማስተኛት ነው፤ ከላይ ዝም ብሎ ከተጫኑት ሥሩ እንደ እንጀራ ዓይን በአረፋ ይሞላል። ከዚያ ክብደት ጭኖ መተው። ፖሊኤትሊን ደግሞ ማጣበቂያ የማይወድ ፕላስቲክ ነው፤ ሲሊኮኑ አጥብቆ አይዘውም። እኔ ይህን እንደ ጥቅም ነው የማየው፣ በፈለግኩ ቀን ምንም ሳልጎዳ አነሳዋለሁ።

ጥር አካባቢ አንዱ ጠርዝ ሸሸ፤ የጥልቀቱ ቁጥር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። አሮጌውን ልጬ፣ ወለሉን በአልኮል ጠርጌ እንደገና ለጠፍኩ፣ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። በዓመት አንዴ ይህን የሚጠይቅ አገጣጠም አይከፋኝም።

ሥራውስ? ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ውሃ ነው፤ ዳሩ ግን ለእኔ የሚሆነው ቆሮሶና አምባዛ ከዳር ብዙ አይርቅም። በዚያ ጥልቀት 200ው ይበቃኛል። ጨረሩ ጠባብ ነው፦ ሾጣጣው 20 ዲግሪ ቢሆን 10 ሜትር ታች የሚያየው 3.5 ሜትር ስፋት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የታየው ዓሣ በእርግጥም ከሥሬ ነው ማለት ይቻላል። ወደ መሃል ስቀዝፍ 77ቱን እከፍታለሁ። ድምፁ ፕላስቲኩን ሁለቴ ስለሚያልፍ ይደክማል፤ ጌይኑን፣ የሚመለሰውን ድምፅ የሚያጎላውን ልክ፣ ከራስ ሰር አውጥቼ ከፍ ሳደርገው ትናንሾቹም ብቅ ይላሉ፣ አብሮ ግን ነጠብጣቡ ይበዛል።

በሐይቁ የሚያውቁኝ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ «ልጄ፣ ቴሌቪዥንህ ዛሬ ምን አለ?» ይሉኛል። «6 ሜትር ላይ ናቸው ይላል፣ አባቴ» ስላቸው ስቀው መረባቸውን ከትናንቱ ቦታ ይጥላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከእኔ የበለጠ ይዘው የሚወጡት እሳቸው ናቸው።

የሙቀት ንባቡን ይርሱት። ቀትር ላይ የሚያሳየው የሐይቁን ውሃ ሳይሆን በፀሐይ የጋለውን ፕላስቲክ ነው። ለባትሪ ኮምፒውተር ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ይበቃል፤ ማሽኑ ግማሽ አምፔር ቢስብ እንኳ ከአቅሙ ግማሹን ሳያልፉ 7 ሰዓት ያሠራል። ፊውዝ አይቅር። የትራንስዱሰሩን ገመድ ግን ረዘመ ብለው አይቁረጡት፣ ጠቅልለው ሆዱ ውስጥ ያስቀምጡት።

የጎንና የታች ዝርዝር ምስል የሚያወጣ ማሽን ያለው ሰው በዚህ ዘዴ ገንዘቡን ያባክናል። የዚያ ዓይነቱ ድምፅ ከፍተኛ ድግግሞሽ ስላለው ፕላስቲኩ ውስጥ ይዳከማል፣ የጎኑ ጨረርም ወለሉ ይጋርደዋል። እሱ ክንዱን ይግጠም፤ ከመረቦቹ አጠገብ ሲደርስ በአንድ እጅ ወደ ላይ የሚታጠፈውን ዓይነት ይፈልግ።