አሸዋ ላይ የሚተከል ጥላ፦ ጠመዝማዛ እግር ያለው የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ ከአሥር ቀን አገልግሎት በኋላ

ለእረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ስሄድ ዕቃ ማብዛት አልወድም። ፎጣ፣ መጽሐፍና የውሃ ኮዳ ይበቃኛል እያልኩ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ይሁን እንጂ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ሁሉንም ጠቅልዬ ወደ ማረፊያ ክፍሌ መሸሼ አልቀረም። ዘንድሮ የእግሩ ጫፍ እንደ ብሎን ተጠማዝዞ አሸዋ ውስጥ የሚገባ ጃንጥላ ገዛሁና አሥር ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ከሥሩ ዋልኩ። ይህን ዕቃ የምመዝነው በመልኩ ሳይሆን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ምንም ሳይሠራ፣ ሳይቸኩልም ቀኑን ሙሉ ባሕሩ አጠገብ እንዲውል ያስችለዋል ወይ?

ጨርቁ ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ይሆናል። ውስጡ ብርማ ቀለም የተቀባ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቶለታል። ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ ግን ጠባብ በመሆኑ፣ እርጥብና አሸዋ የነካው ጨርቅ ይዞ ዚፑን መዝጋት በየምሽቱ ትግል ነበር።

የዚህ ጃንጥላ ጥቅምም ሆነ ጉዳት የሚለየው አተካከሉ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ላይ ላዩን በደረቀው አሸዋ ላይ አዙሬ አዙሬ ተከልኩትና ጥሩ የቆመ መሰለኝ። ጠዋት ነፋስ ስላልነበረ ነው። ፀሐይ ምድሩን ከውሃው ቀድማ ታሞቃለች፤ በየብሱ ላይ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለው አየር ቦታውን ሊሞላ ይመጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከውሃው በኩል እየበረታ ይነሣል። የእኔም ጃንጥላ ያን ጊዜ ግማሹ ተነቅሎ ተንጋደደ። በማግስቱ ደረቁን አሸዋ በእጄ ገለል አድርጌ፣ እርጥቡ ጋ ስደርስ ጠመዝማዛውን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገባሁትና የጨርቁን ፊት ወደ ነፋሱ አዘነበልኩ። በእርጥብ አሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀጭን ውሃ እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ከቦታው አልተነቃነቀም። ማዞሪያው እጀታ ግን ቀጭን ነው፤ መዳፍ ያቆስላል።

ይህን ያህል ያተኮርኩበት በምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በቨርጂኒያ፣ በ2022 ደግሞ በደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻዎች ነፋስ የነቀላቸው ጃንጥላዎች ሰው ገድለዋል። ኤ ኤስ ቲ ኤም የተባለው የምርት መስፈርት አውጪ ድርጅት በ2024 ያወጣው መስፈርት፣ ጃንጥላው ከነመትከያው በሰዓት እስከ 48 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ እንዲቋቋም ይጠይቃል። የእኔው ማሸጊያ ላይ ስለዚህ መስፈርት ምንም አልተጻፈም፤ ዛሬ የምገዛ ብሆን ግን አስቀድሜ የምፈልገው ይህንኑ ጽሑፍ ነበር።

ጥላውን በተመለከተ፣ ጨርቁ «ዩ ፒ ኤፍ 50+» የሚል ምልክት አለው፤ ይህም ከሚያርፍበት አልትራቫዮሌት ጨረር ከሃምሳ እጁ ከአንዱ በላይ አያሳልፍም ማለት ነው። ይህን አንብቤ ተዘናጋሁና በሁለተኛው ቀን የእግሬ ጀርባ ተቃጠለ። ጨረሩ በጨርቁ በኩል ብቻ አይመጣም፤ ከሰማዩ ተበትኖና ከአሸዋው ተንጸባርቆ በጎን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የቴክሳስ ጥናት፣ ለሦስት ሰዓት ተኩል በጃንጥላ ጥላ ብቻ ከተቀመጡት መካከል 78 በመቶዎቹ የፀሐይ ቃጠሎ ሲገኝባቸው፣ የመከላከል መጠኑ (ኤስ ፒ ኤፍ) 100 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ብቻ ከተቀቡት ግን 25 በመቶዎቹ ተቃጥለዋል። ስለዚህ ክሬሙን በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጣሁ ቁጥር እየደገምኩ መቀባት ጀመርኩ፤ ጃንጥላውን የሠራው ድርጅት ይህን በአንዲት መስመር ቢጽፈው ምን ነበረበት?

ከእነዚህ ሁሉ ባሻገር፣ ከጃንጥላው ሥር ያገኘሁት ውሎ የጠበቅኩትን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ነበር። ጥላው አንድ ቦታ አይረጋም፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ ረዝሞ ይተኛል፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ዘንጉ ሥር ይሰበሰባል፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ይሳባል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ እኔም ፎጣዬን ይዤ እከተለው ነበርና፣ በሦስተኛው ቀን ሰዓቴን ክፍሌ ትቼው መሄድ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ አነብና ዓይኔ ይከደናል፤ ፀሐይዋ ጣቶቼን ስትነካቸው እነቃለሁ፤ ፎጣዬን ሳብ አድርጌ ካቆምኩበት መስመር ስቀጥል፣ በገጾቹ መካከል የገባው አሸዋ መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር ሆዴ ላይ ይንጠባጠባል። አጠገቤ የነበሩ ሁለት ሕፃናት ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ውሃው እየመጣ ይደፍንባቸው ነበር፤ እነርሱም አልሰለቹ፣ ውሃውም አልሰለቸ።

የባሕሩ ሙላት ያልታሰበ ጣጣ ማምጣቱ አልቀረም። በአብዛኞቹ ዳርቻዎች በሁለት ሙላት መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚያልፍ፣ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ የነበረው ቦታ ዛሬም ደረቅ ይሆናል ብዬ በመገመቴ አንድ እግር ጫማዬን ውሃ ወስዶብኛል። ጃንጥላው ግን ውሃው እግሩን እያጠበው ቆሞ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ማዘንበያው መገጣጠሚያ መንጫጫት ጀመረ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አሸዋ ገብቶ ይፈጨዋል። የመቆለፊያው ቁልፍ ሞላም በጨው ዝጓል። ማታ ማታ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይረዳል፤ እኔ የጀመርኩት ግን በሰባተኛው ቀን ነው። ማሸጊያው «ሁለት ሰው በምቾት ያስተኛል» ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ከሥሩ ከሚተኙት ሁለት ሰዎች የአንዱ እግር የግድ ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ እኔና አብሮኝ የነበረው ሰውም ማን በየትኛው ወገን እንደሚተኛ በየቀኑ ዕጣ እንጥል ነበር።