የሱቅ እንቁላል፦ ነጭ፣ ቡናማ ወይስ የሐበሻ?

አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፦ ነጩ የፈረንጅ፣ ቡናማው የፈረንጅ፣ እና መጠኑ አንሶ ዋጋው የሚበልጠው የሐበሻ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱን አይቶ ይመርጣል። ቅርፊቱ ግን ከሁሉ በፊት የሚናገረው የዶሮዋን ዘር ነው።

ነጩን የምትጥለው እንደ ሌግሆርን ያለች ዘር ናት። ቡናማውን ደግሞ ከቢሾፍቱና ከአካባቢው እርባታዎች የሚመጡት እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ይጥሉታል። ቅርፊቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፕሮቶፖርፊሪን የተባለው ቡናማ ቀለም በብዛት የሚቀባው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ሰብረው ውስጡን ቢያዩት ነጭ ነው። በጣዕምም በምግብነትም ከነጩ የሚለየው ነገር የለም፤ ለቡናማው ጭማሪ መክፈል ለቀለም መክፈል ነው።

በአንድ ትሪ ውስጥ ጠቆር ያለና ፈዘዝ ያለ ቢቀላቀል አያስደነግጥም። ዶሮዋ ዕድሜዋ ሲገፋ እንቁላሏ ይተልቃል፣ ያው ቀለም ሰፊ ቅርፊት ላይ ሲዳረስ ይሳሳል። ድንጋጤ፣ ሙቀትና በሽታም ያፈዙታል። ትሪው በሙሉ ፈዝዞ ቅርፊቱም ሻካራና ስስ ከሆነ ግን ይተዉት፤ መንገድ ላይ ይሰነጠቃል።

የሐበሻው ላይ ማጭበርበር አለ። የአገር ቤት ዶሮ አንድ ወጥ ዘር ስላልሆነች፣ ከተለያየ ቤት የተሰበሰበ እንቁላል ነጭም፣ ክሬምም፣ ቀላ ያለም ይገኝበታል። ሠላሳውም አንድ ቀለምና አንድ መጠን ከሆነ፣ መጣል የጀመረች የፈረንጅ ቄብ እንቁላል ሊሆን ይችላል። አስኳሉ ቢጫ መሆኑም ማስረጃ አይሆንም፤ ቢጫ በቆሎና አልፋልፋ የበላች የፈረንጅ ዶሮም ያንኑ ትሰጣለች።

ሚዛን ላይ ሲወጣ የሐበሻው 40 ግራም ገደማ፣ የፈረንጁ 60 ገደማ ነው። ስለዚህ ሠላሳ የሐበሻ እንቁላል ሃያ የፈረንጅ ያህል ብቻ ይመዝናል። ለኬክ አያዋጣም። ከክብደቱ አንጻር አስኳሉ ትልቅ ስለሆነ ለጥብስ ይመረጣል፣ እዚያ ላይ ዋጋው ይገባዋል።

ትኩስነቱን በውሃ ይፈትኑ፦ የሚጋደመው ትኩስ ነው፣ የሚቆመው የሰነበተ፣ የሚንሳፈፈው ይጣል። በተለይ ጾም በተፈታ ሰሞን ይህን አይዝለሉ፤ በጾሙ ሳይሸጥ የቆየው አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ለዶሮ ወጥ ግን በጣም ትኩሱ ጥሩ አይደለም። ነጩ ከስሱ ሽፋን ጋር ስለሚጣበቅ ሲላጥ ይቦጨቃል። ሳምንት ያህል የቆየው ንጹሕ ሆኖ ይላጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ከፈላ በኋላ 13 ደቂቃ ይስጡትና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት።