«ባኦ» ወይስ «ተርኒንግ ሬድ»? ልጅን ስለ መልቀቅ የተሠሩ ሁለት አኒሜሽኖች

በቻይና ተወልዳ በካናዳዋ ቶሮንቶ ያደገችው የአኒሜሽን ዳይሬክተር ዶሚ ሺ የስደተኛ እናትን ነገር ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መንገድ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ባኦ» የእናቲቱ ታሪክ ነው፤ ሴትዮዋ ሞልታ የጠቀለለችውን፣ በእንፋሎት የበሰለ ትንሽ ዳቦ ልትጎርሰው ስትል ነፍስ ይዘራና እንደ ልጅ ታሳድገዋለች፤ አድጎ ከእጮኛው ጋር ሊወጣ ሲል ግን በር ላይ ትታገለዋለች፣ በመጨረሻም ትውጠዋለች፣ ወዲያውም በእንባ ትታጠባለች። ስምንት ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው በዚህ ንግግር አልባ ሥራ፣ ፍቅር ልጅን ወደ መዋጥ እንዴት እንደሚሻገር ከየትኛውም ረጅም ፊልም በላይ ተገልጦ አይቻለሁ። ዳቦው የወከለው የሴትዮዋ እውነተኛ ልጅ ሲመለስም ይቅርታው በቃል አይነገርም፤ እናትና ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጠው ያመጣውን ጣፋጭ እየበሉ አብረው ያለቅሳሉ።

የ2022ቱ «ተርኒንግ ሬድ» ሙሉ ፊልም ሲሆን ነገሩን የሚያየው በ13 ዓመቷ ሜይ ዓይን ነው፤ ትልቁ ብርታቱ እናቷ ሚንግ ራሷ በእናቷ ፊት የተጨነቀች ልጅ እንደ ነበረች ማሳየቱ ነው። ከታዳጊ ልጆች ጋር ለሚያይ ይህኛው ይሻላል፤ ልጁ ከቤት ለወጣበት ወላጅ ግን ያለ ማመንታት «ባኦ»ን እመርጥለታለሁ።