የወጥ ቤት ካቢኔት በር፦ ቫርኒሽ፣ የተልባ ዘይት ወይስ ሰም?

በአዲስ አበባ ባሉ አንዳንድ የቆዩ ቤቶች ከዋንዛ የተሠሩ የወጥ ቤት ካቢኔቶች ዛሬም አሉ። በሮቻቸው ሲደበዝዙ አዲስ ቅብ ለመግዛት ከመውጣት በፊት የቀድሞው ሽፋን መኖር አለመኖሩን ማየት ይገባል። በበሩ ላይ ጥቂት የውኃ ጠብታ አኑሮ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ በቂ ነው፤ ጠብታው ሳይሰርግ ከቆየ በሩ የሚፈልገው ጽዳት ብቻ ሲሆን፣ ውኃው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ሽፋኑ አልቋል።

ከምድጃው አጠገብና ከዕቃ ማጠቢያው በታች ላሉ በሮች ያለ ማመንታት የምመርጠው ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽን ነው። ቁሌት በየዕለቱ በሚቁላላበት ቤት የዘይቱ እንፋሎት በሮቹ ላይ ይጋገራል፤ ቫርኒሽ ግን በእንጨቱ ላይ ጠንካራ ንጣፍ ስለሚሠራ፣ ቅባቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይለቃል። በውኃ የሚቀጥነው ዓይነት ሽታው ያነሰ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ እንጨቱንም እምብዛም ቢጫ አያደርገውም። በቲነር የሚቀጥነው ለዋንዛ ሞቅ ያለ መልክ ይሰጠዋል፤ ሆኖም ሁለተኛውን እጅ ለመቀባት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀን መጠበቅን፣ መስኮትንም ከፍቶ መሥራትን ይጠይቃል። የቫርኒሽ ትልቁ ጉድለት ጥገናው ነው፤ አንድ ጊዜ መላጥ ከጀመረ ቦታውን ብቻ ማደስ ስለሚያስቸግር የበሩን ፊት በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግድ ይሆናል።

የተልባ ዘይት በተቃራኒው ወደ እንጨቱ ሰርጎ የሚደርቅ ስለሆነ አይላጥም፤ የተጫረውን ቦታ ብቻ አጽድቶ መልሶ መቀባት ይቻላል። ነገር ግን ውኃን የመከላከል አቅሙ ከቫርኒሽ ያነሰ ነው፤ ማድረቂያ ያልተጨመረበት ጥሬው ዘይት ደግሞ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተተወ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሣበት እንደሚችል ለቤተሰቡ ሁሉ መነገር አለበት፤ ጨርቁን ከቤት ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ባለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። የረጋውን የፓልም ዘይት በተልባ ዘይት ምትክ መቀባት ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ ስለማይደርቅ እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል።

ሰም ለመዳሰስ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሚቀልጥና ከዚያ በፊትም ስለሚለሰልስ፣ ከምድጃ ርቀው ላሉ የብርጭቆና የሲኒ መደርደሪያ በሮች ብቻ ይስማማል።

የትኛውም ቢመረጥ በሩን ከማጠፊያው ፈትቶ ውስጡንም፣ ውጭውንም፣ በተለይም የላይና የታች ጠርዙን መቀባት ያስፈልጋል። አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ በር በሁለቱ ወገን እኩል እርጥበት ስለማይወስድ ሊጣመም ይችላል፤ ብዙ አናጺዎች የሚዘሉት የታችኛው ጠርዝም ከማጠቢያው የሚንጠባጠበውን ውኃ ፈጥኖ የሚጠጣው ክፍል ነው። ሥራውን ከሐምሌና ከነሐሴ ይልቅ አየሩ ደረቅ በሆነበት በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማሠራት ይሻላል። በክረምት አብጦ አልዘጋ ያለ በርም በዚያው ወቅት በመላጊያ ሊላግ አይገባም፤ በበጋ እንጨቱ ሲኮማተር ክፍተት ይተዋልና።