ተራ ክሩዝ ኮንትሮል ወይስ አዳፕቲቭ? ከመግዛታችሁ በፊት አጠፋፉን እዩ

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ክሩዝ ኮንትሮል (ነዳጅ ሳትረግጡ ፍጥነቱን የሚይዝላችሁ መሣሪያ) የሚጠይቀው «አለው ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ግን «በምን በምን ይጠፋል?» የሚለውን አስቀድማለሁ። ሁለቱ ዓይነቶች በደንብ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነውና።

ተራው የሰጣችሁትን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ከወጣ ወዲህ ሐሳቡ ብዙም አልተለወጠም። አዳፕቲቩ ደግሞ ከፊት ያለውን መኪና በራዳር ወይም በካሜራ እያየ ርቀቱን ይጠብቃል።

ተራው በአብዛኛው የሚጠፋው እናንተ ስታጠፉት ነው። ፍሬን ስትነኩ ይለቃል። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ሲረገጥም ይለቃል። መሪው ላይ ያለውን «ካንስል» ብትጫኑ ይቋረጣል፣ ፍጥነቱን ግን አይረሳም፤ «ሪዚዩም» ስትሉት ወደዚያው ይመለሳል። ነዳጅ መርገጥ ግን አያጠፋውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ነዳጅ ሰጥቶ ይቀድምና እግሩን ሲያነሳ መኪናው እየቀዘቀዘ የሚሄድ ይመስለዋል። መኪናው ግን የተሰጠው ፍጥነት ላይ ሲደርስ እንደገና ይይዛል።

በራሱ የሚለቅበትም ጊዜ አለ። ጎማ ሲንሸራተትና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ሲገባ ይቋረጣል። ብዙዎቹም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች አይያዙም።

ያገለገለ መኪና ከሆነ «ክሩዙ አይሠራም፣ ቀላል ነገር ነው» የሚል ሻጭን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ፍሬን ፔዳሉ ላይ ትንሽ ስዊች አለች። ኮምፒዩተሩ ከእሷ ትክክለኛ መልእክት ካላገኘ ክሩዙን ጭራሽ አያበራም። የፍሬን መብራቱንም የምታበራው እሷ ናት፤ ስለዚህ ፍሬን ስትረግጡ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ይይላችሁ። ሱባሩን በመሳሰሉ መኪኖች ላይ ደግሞ ቼክ ኢንጅን ሲበራ ክሩዙም አብሮ ይዘጋል። ያኔ ችግሩ ያለው ክሩዙ ላይ ሳይሆን ሞተሩ ወይም ከሱ ጋር የተያያዘ ነገር ላይ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ፎርድ የምታዩ ከሆነ ሌላም አለ። ክሩዙን የሚያቋርጠው ስዊች የፍሬን ዘይት እያስገባ እሳት በማስነሳቱ፣ ኩባንያው እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ14 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ጥገናው መደረጉን አረጋግጡ።

አዳፕቲቩ ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ የራሱ ምክንያቶች አሉት። ራዳሩን ጭቃ ወይም በረዶ ከሸፈነው፣ ካሜራውን ከባድ ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም ፊት ለፊት የሚመጣ ፀሐይ ከጋረደው «አልችልም» ብሎ ይወጣል። በብዙዎቹ ላይ በር ከተከፈተ ወይም ቀበቶ ከተፈታም አይሠራም። የፊት መስታወት ተቀይሮ ካሜራው እንደገና ካልተስተካከለም ሊያስቸግር ይችላል።

ከአዳፕቲቮቹ መሃል በጣም የምፈራው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ የሚለቀውን ነው። ከፊት ያለው መኪና ሲቀንስ እሱም አብሮ ፍሬን ይይዛል፣ እናንተም ትዘናጋላችሁ። በሰዓት 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ጢጥ ብሎ ይተዋችኋል። ከፊት ያለው መኪና ግን ገና እየቆመ ነው! እስከ መቆም የሚሄደው በጣም ይሻላል። እሱም ቢሆን ጥቂት ሰኮንድ ከቆመ በኋላ ብዙውን ጊዜ ቁልፍ እስክትጫኑ ወይም ነዳጅ እስክትነኩ ድረስ አይነሳም።

እንግዲህ ጉዟችሁ ረጅምና ክፍት መንገድ ላይ ከሆነ ተራው ይበቃችኋል፣ የሚበላሽበትም ነገር ትንሽ ነው። መጨናነቅ ውስጥ የምትውሉ ከሆነ እስከ መቆም የሚሄደውን አዳፕቲቭ ግዙ። መሃል ላይ ያለውን፣ ማለትም ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ የሚለቀውን አዳፕቲቭ፣ ዋጋው ቢስባችሁም፣ እኔ አልመክርም።

ሙከራ ስትነዱ ሬዲዮውን ከፍታችሁ (መጥፋቱን በድምፅ ሳይሆን በዓይን እንድታውቁ)፣ ክፍት መንገድ ላይ ክሩዙን ያዙና በ«ካንስል» አጥፉት። ከዚያ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ በመንካት ድገሙት። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ምልክት ወዲያው ካልተለወጠ፣ ወይም ለማየት አንገት ማቅረብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ያንን መኪና እኔ አልወስደውም።