የአውራ በግ መጋራት በመንዝ፦ ከሦስት የወሊድ ወቅቶች በኋላ

ቤተሰባችን በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ 14 እናት በጎች ያረባል። ላለፉት 3 ዓመታት የቀበሌያችን የበግ አርቢዎች ማኅበር በሚሰጠው የአውራ በግ አገልግሎት ስለተጠቀምን፣ ለመግባት የሚያመነታ አርቢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን እነሆ እጽፋለሁ።

አሠራሩ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና በዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) ድጋፍ በመንዝ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ነው። ቀድሞ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለበዓል ገበያ ይወጣና በጉረኖው ቀርቶ ዘር የሚተካው ገዥ ያላገኘው ኮስማና ነበር። አሁን ግን ጠቦቶቹ ሲወለዱ፣ በ3 ወራቸውና በ6 ወራቸው ይመዘናሉ፤ አርቢዎቹ ራሳቸው መዝገቡን፣ ቁመናውን፣ ላቱንና ቀለሙን አይተው ብልጫ ያለውን ይመርጣሉ። ማኅበሩም ለባለቤቱ ዋጋውን ከፍሎ አውራውን ለጥቂት ቤተሰቦች በጋራ ይሰጣል፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይገናኝም በየጊዜው ወደ ሌላ ቡድን ያዛውረዋል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የሚታየው በወሊድ ወቅት ነው። አብዛኞቹ በጎቻችን የሚወልዱት ውርጩ በሚበረታበት በታኅሣሥ ሲሆን፣ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር ያልጠባ ግልገል ሌሊቱን መዝለቁ ያጠራጥራል። ስለዚህ ባለቤቴ ፋኖስ ይዛ ጉረኖ ታድራለች፤ ልጃችን እትብቱን አዮዲን ትቀባለች፤ እናቴም የደከመውን በባና ጠቅልላ ምድጃ ዳር ታሞቀዋለች። ከቀድሞው አውራችን የተገኙት ግልገሎች 2 ኪሎ መሙላት ያቅታቸው ነበር፤ አምና የተወለዱት አብዛኞቹ ግን ከ2 ኪሎ ተኩል አልፈዋል። የአምናው ዝናብና ሣር መልካም ስለነበረ ምስጋናውን ሁሉ ለአውራው አልሰጥም። ሆኖም እንደተወለደ በእግሩ ቆሞ ጡት የሚፈልግ ግልገል ሲበዛ፣ እናቴ ምድጃ ዳር ተቀምጣ የምታነጋበት ሌሊት በግልጽ ቀንሶልናል።

ቅሬታዬ በምዝገባው ላይ ነው። መዝጋቢው አንዳንድ ጊዜ ግልገሉ ከተወለደ ከሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚመዘነው የውልደት ክብደት ሊባል አይችልም፣ ምርጫውም የሚመሠረተው በዚሁ መዝገብ ላይ ነው። እኛ የሚንጠለጠል ሚዛን ገዝተን ልጃችን ግልገሎቹን በተወለዱ ዕለት መዝና በደብተሯ ትጽፋለች፤ ማኅበሩም ይህን ለየቤቱ ቢያስተምር መዝገቡ ይታመናል። በተጨማሪም አገልግሎቱ ሕክምናን አይጨምርም፤ ግልገሏ በኋላ እግሩ መጥቶ ምጥ የጠናባትን ቄብ በግ ያዳናት ሐኪም ሳይሆን የጎረቤታችን የአዛውንቱ እጅ ነው።

አገልግሎቱን ከልቤ እመክራለሁ፤ ነገር ግን ብቻውን ለሚገባ ሰው አይደለም። በጎቻችን የሚሰማሩት በጋራ መስክ ስለሆነ፣ ያልተመረጠውን ጠቦት ለማኮላሸት ወይም ለመሸጥ የማይፈቅድ አንድ ጎረቤት ካለ ግልገሉ የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ከመመዝገባችሁ በፊት በአንድ መስክ የምታሰማሩት ሁሉ ተቀምጣችሁ በዚህ ጉዳይ ተስማሙ።