የግማሽ ቀን የጅማ ጉብኝት፦ ጅሬን ላይ ጎበዝ፣ ከ1933 ወዲህ ዝም

ጅማ ውስጥ ለእንግዳ የሚቀርበው የከተማ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ተነስቶ ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ቀጥሎ የጅማ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን፣ ከዚያ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች፣ መጨረሻ ላይ ሂርማታ ገበያ። አስጎብኚዎቹ ይለያያሉ፤ ጥንካሬያቸውና ጉድለታቸው ግን ስለሚመሳሰል እዚህ የምንመዝነው ጉዞውን እንጂ አንድን ሰው ወይም ድርጅት አይደለም።

በጎውን እናስቀድም። ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለብቻው የጉዞውን ዋጋ ይመልሳል። ባለ ፎቅ የእንጨት ሥራ ነው፤ ሰገነቱ፣ ጣውላው፣ ግቢውን ቁልቁል የሚያሳየው እይታ፣ ሁሉም ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ እንጨት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ከአፈር ጋር በሚነካካበትና ውሃ በሚያቁርበት ቦታ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ከጌጡ አንስታችሁ የምሰሶውን ሥርና የጣሪያውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ የእንጨት ቤት ዕድሜ የሚወሰነው እዚያ ነው። ፎቁ በእድሳት ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል ሳትነሱ በፊት ጠይቁ። ባጃጅ ከያዛችሁ ሂሳቡን ደርሶ መልስ ከነቆይታው ተነጋገሩ፤ መሄጃውን ብቻ የተዋዋለ ሰው መመለሻ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ይቀራል። ክረምት ከሆነ ነጠላ ጫማ አታድርጉ።

ስህተት የሚበዛውም እዚሁ ጅሬን ላይ ነው። አባ ጅፋር ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሳና፣ የጅማን መንግሥት በ1830 ገደማ እ.ኤ.አ. መሠረቱ። ቤተ መንግሥቱ የሚነሳው ከሁለተኛው፣ ከቱሉ፣ ጋር ሲሆን እሳቸው ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነገሡ። በመካከላቸው አባ ረቡ፣ አባ ቦቆና አባ ጎሞል አሉ። ምኒልክን «አባ ዳኘው» እንደምንል ሁሉ «አባ ጅፋር»ም የፈረስ ስም ስለሆነ ሁለት ሰው ቢጠራበት አያስገርምም። ገለጻው ሁለቱን ሲያጣብቃቸው ግን አንድ ንጉሥ ከመቶ ዓመት በላይ ዙፋን ላይ ይቀመጣል! «የትኛው አባ ጅፋር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ አስጎብኚ ከዚያ ቀጥሎ ሁለተኛው በ1880ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዴት እንዳቆዩ፣ ያም ነፃነት በ1932 እንዴት እንዳበቃ ያስረዳችኋል።

ሌላው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ ቁጥር በእኛ፣ ቀጣዩ በፈረንጅ ሲነገር ጎብኚው ማስታወሻው ላይ ያደባልቀዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ከፈረንጁ ዓመት ላይ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ቀንሱ። ወሩ ያልተጠቀሰ ዓመት ሁልጊዜ በአንድ ዓመት ሊዛነፍ ይችላል።

የጣሊያን ሕንፃዎች ጋ ቆይታው አጭር ነው፤ ይበቃልም። ጣሊያን ጅማን የጋላና ሲዳማ ብሎ ለሰየመው ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር፤ የዛሬው መሀል ከተማ አቀማመጥ ብዙው ከዚያ ዘመን ነው። በሰኔ 1933 በእኛ አቆጣጠር ከተማዋ ነፃ ወጣች። ታሪኩም፣ ለአስጎብኚው፣ እዚያ ላይ ያበቃል።

ቅሬታችን ይኸው ነው። ጅማን የቡናና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ያደረጋት ከዚያ በኋላ የሆነው ሲሆን ጉዞው እርሻ ኮሌጁን በመኪና አልፎት ይሄዳል። የዚያን ግቢ ታሪክ ለመረዳት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ያለችውን ስቲልዋተርን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1889 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት፤ በዓመቱ፣ በ1890፣ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ተመሠረተባትና ኑሮዋ ከእሱ ጋር ተሳሰረ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያን አዩ። በኋላም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ንግግራቸው አራተኛ ነጥብ አድርገው ያነሱትን የቴክኒክ እርዳታ፣ ፖይንት ፎርን፣ እንዲመሩ ተሾሙ፤ በታኅሣሥ ወር 1951 እ.ኤ.አ. ግን ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ሥራው አልቆመም። ኮሌጁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራበት ውል በግንቦት 1944 በእኛ ተፈረመ፤ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤትም ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ተከፈተ። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሐረር አጠገብ ያለው የዓለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎች ግንባታው እስኪያልቅ የተማሩት ጅማ መሆኑን ነው፤ ወደ ዓለማያ የተዛወሩት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። የሐረር ሰው ይህን ሲሰማ ደስ አይለው ይሆናል።

ከከተማዋ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ያለው የመልኮ የቡና ምርምር ማዕከልም በጉዞው ውስጥ የለም። የተቋቋመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 አገር ውስጥ ሲገባ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው የወጡት ከዚያ ነው። የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 መጣ፤ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ሆነ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)።

እንግዲህ ጉዞውን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተደራደሩ። አንደኛ፣ ከሙዚየሙ 30 ደቂቃ ቀንሱና እርሻ ኮሌጁ ላይ ጨምሩ፤ ሙዚየሙ ውስጥ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሳታዩ ግን አትውጡ፤ መጋጠሚያም ምስማርም የለውም። ግቢ መግቢያ ፈቃዱን አስጎብኚው ቀድሞ ይጠይቅ፤ በር ላይ መታወቂያ ይዞ መከራከር ሰዓት ይበላል። ሁለተኛ፣ ቀኑን ሐሙስ አድርጉት። ሂርማታ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የሐሙስ ገበያ ነው፤ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ባሪያውም ጭምር የተሸጠበት። በሌላ ቀን የሚሄድ ሰው ገበያውን ያያል፣ ስፋቱን ግን አያየውም። ሐሙስ ከሆነም ጅሬንን አስቀድሙና ገበያውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከረፋዱ በኋላ ነው የሚሞላው፤ ቅርጫትና በርጩማ ከገዛችሁም ኮረብታ ላይ ተሸክማችሁ አትወጡም።